የጓድ ታፈሰ የግሪክ ብር

በአሮጌ ነገር የሚኮራ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ጎረቤቴ የነበሩት ጓድ ታፈሰ እንዲያ ነበሩ። በስብሰባ አሮጌውን ሥርዓት ሲያወግዙ ይውሉና፣ ሲወጡ ከውጭ አገር ያመጡትን፣ ጉጉት የተቀረጸበትን የግሪክ የብር ሳንቲም ያሳዩናል። "ሁለት ሺህ ዓመቱ ነው!"

አንድ ቀን ለአንጥረኛው ለሼህ ይማም አሳዩአቸው። ሼሁ ጠርዙን ዳበስ አደረጉና፣ "ብሩስ ማለፊያ ብር ነው። ግን የድሮውን አስመስለው የሠሩት አዲስ ነው፤ ከልጅዎ ያንሳል" አሏቸው። ጓድ ታፈሰ አኮረፉ። አሮጌ ቆርቆሮ ነው ቢሏቸው ኖሮ ይስሟቸው ነበር!

"ጉጉት ቤቴ አይገባም" ሲሉ የኖሩት ሚስታቸው እትዬ አስቴር ይህን እንደሰሙ ብሩን አስቀልጠው ጉትቻ አሠሩት።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓድ ታፈሰ ወደ ሚስታቸው ጆሮ ይጠቁማሉ። "ይህን ጉትቻ ታያላችሁ? ሁለት ሺህ ዓመቱ ነው!"