ድንጋዩን የተወች ጠመንጃ

ጋሽ እንዳላማውን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። ደምበጫ ውስጥ በአንድ ሰፈር እየኖርን ከሰላምታ ያለፈ ብዙም አላወራኋቸውም፤ እኔ ሰው ፊት ቃል ይጠፋብኛል። ግን እንደሳቸው ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ የሰው መታመም ገና ሳይነገር ደጃፍ ላይ የሚገኝ ጠያቂ። ለሌሎቹ ወሬ የሚያቀብላቸው ጎረቤት ነው። ለጋሽ እንዳላማው ግን ጠመንጃቸው ናት።

ጠመንጃዋ ከቅድመ አያታቸው የወረደች፣ ባሩድ ካፈሙዟ የምትጎርስ አሮጌ ናት። ድሮ የምትተኩሰው በባልጩት ነበር፤ ቃታዋ ሲሳብ ድንጋዩ ብረት ይመታል፣ ፍንጣሪው ባሩዱን ያቀጣጥላል። ኋላ አያታቸው አንጥረኛ ዘንድ ወስደው ባልጩቱን ከነመያዣው አስነቀሉና፣ ተቀጣጣይ ያዘለች ትንሽ የመዳብ ቆብ መትቶ የሚያፈነዳ መዶሻ አስገቡላት። የድሮው ብረት የተነቀለባቸው ቀዳዳዎች ዛሬም ጎኗ ላይ ይታያሉ። አሁን ባሩድም ቆብም የላትም፤ ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ትውላለች።

ሆኖም አንዳንድ ማለዳ ከምሰሶው ላይ ድንጋይ ብረት ሲመታ ይሰማል፣ ይላሉ ክቡር ቃል አቀባይዋ ጋሽ እንዳላማው። "ድንጋዩን ትታለች፤ አመሏን አልተወችም።" ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። የገቡበት ቤት ደጃፍ ላይ ሳምንት ሳይሞላ የለቅሶ ድንኳን ይተከላል።

ይታያል የሚባለው ባጃጅ ነጂ አንድ ቀን ሊያሾፍባቸው፣ "ጋሼ፣ ቻርጅ አድርገዋት ነው የምትደውለው?" አላቸው።

"አንተን ስትፈልግ በስልክህ ትደውልልሃለች" አሉት በእርጋታ።

ይታያል ስልኩን አጥፍቶ ከረመ።

እማማ ያለምወርቅ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ "እኔ ደህና ነኝ፤ እዚያ ማዶ ይሞክሩ" ብለው በራቸውን ዘጉ። እሳቸውም ማዶ ሞከሩ። ማዶ ያለው ፈንታ እንጨት ሲፈልጥ የዋለ ጤነኛ ሰው ነበር። በማግስቱ ወደቀ፤ እሁድ ቀበርነው።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል መንገድ ላይ አስቁመው፣ "ብረት ነቢይ አይሆንም፤ ይተዉ" ብለው ገሠጿቸው። ጋሽ እንዳላማው እጅ ነሥተው ሊያልፉ ሲሉ ግን ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ማን ቤት ነው?" አሉ።

ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ ዜማ ለቀዶ ጥገና ደብረ ማርቆስ ልትሄድ ነበር። ለማንም አልነገርንም። በዕለቱ ማለዳ በር ስከፍት ጋሽ እንዳላማው ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። በሩን መልሼ ልዘጋው ቃጣኝ።

ዜማ ከኋላዬ ሆና፣ "ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ብርዱ አይምታዎት" አለች።

ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"ፈርተሻል?"

"ትንሽ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አሉ። "አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። እሳቸው የገቡበት ቤት ሰው ሞቷል፤ ግን አንዱም ብቻውን አልሞተም። ሰፈሩ በር ሲዘጋ፣ የፈንታን እጅ እስከ መጨረሻው ይዘው የቆዩት እሳቸው ነበሩ። እንዲህ ማለት ያሳፍረኛል፤ በመምጣታቸው ደስ አለኝ።

ዜማ ነጠላዋን ልታመጣ ጓዳ ስትገባ ጠጋ አልኳቸው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ድምፁ ተሰማ?"

ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ለሷ ነው ለኔ?"

ጋሽ እንዳላማው ከመደቡ ተነሡ፣ የዜማን ፌስታል አንጠለጠሉና ቀድመውኝ ወጡ።