የሰይድ እሺታ

ጎበዝ፣ ስትሳሳቱም "እሺ" የሚላችሁን ሰው ታምኑታላችሁ? እኔ የቆቦውን የማሽላ መጋዘኔን ቁልፍ ለእንዲህ ያለው ሰው፣ ለሠራተኛዬ ለሰይድ፣ ልሰጥ ነበር። እሺ መባል ይጣፍጣላ!

የእህቴ ልጅ ዘሀራ ፎርትራን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ትእዛዝ መርማሪው ይይዘው እንደሆነ ለማየት ሆን ብላ ስሕተት ትጽፋለች። ትእዛዝ የሚደጋገምበትን ዙር ሳትጀምር "ከዙሩ ውጣ" ብላ ታዛለች፤ ትእዛዝ መርማሪው ኮምፓይለር ሲቆጣት "አልሐምዱሊላህ!" ትላለች።

"ምነው ልጄ፣ ቁጣ ያስደስታል?"

"አጎቴ፣ የሚያስፈራውስ ዝም ሲለኝ ነው። 'ያልገባ እንዴት ይወጣል?' ማለት አለበት።"

በማግስቱ ሸረሪት ብቻ የቀረበትን መጋዘን ወለል አድርጌ ከፈትኩና "ሰይድ፣ ማሽላውን አስወጣ" አልኩት።

ወደ ውስጥ አየት አደረገና "እሺ ጋሼ!" ብሎ ሮጠ። አምስት ተሸካሚና አንድ አይሱዙ ይዞ ተመለሰ።

"ሰይድ፣ ቁልፉን አልሰጥህም።"

"ልክ ነዎት፣ ጋሼ።"