የቀዪቱ በር መከፈትና ትሮልስ የፈረስ ስም ያገኙበት ታሪክ

ሲግነ ወደ መሥሪያ ቤቷ በተመለሰች፣ ባለቤቷ ትሮልስም በወላጅነት ፈቃድ ዙፋን ላይ በተቀመጡ በዘጠነኛው ሳምንት፣ በዕለተ ሐሙስ፣ በዘመነ ንፍጥ፣ በኮፐንሀገን ከተማ፣ በቫልቢ ሰፈር፣ በሦስተኛው ፎቅ የሆነው ይህ ነው። ትሮልስ ዓቃቤ ዳይፐር፣ ገፋዔ ጋሪ፣ መፍቀሬ ሥርዓት፣ መንገዱ ጭር ቢል እንኳ አረንጓዴ መብራት ሳይበራላቸው የማይሻገሩ ታላቅ ሰው ሳሉ፣ አንድ ነገር ጎድሏቸው ነበር። የቀደሙት ጀግኖች ሁሉ በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ ተብለው ሲጠሩ፣ እሳቸው ፈረስ የላቸውምና፣ ያላቸው የሕፃን ጋሪ ብቻ ነውና፣ አባ ብሎ የጠራቸው አንድም ሰው አልነበረም። የአሥራ አንድ ወር ልጃቸው ልዕልት ቲልደም እስከዚያች ቀን ድረስ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣችም። ሰኞ ደግሞ ፈቃዳቸው ያልቃል፤ ልዕልቲቱም ሕፃናት ማዋያ ትገባለች። ትሮልስ የመጀመሪያ ቃሏን ባዕድ ሊሰማብኝ ነው ብለው አንጀታቸው ያርር ነበር።

በዚያ ቤት ቅጠሉ ሁሉ ወፍራም ካርቶን የሆነ፣ የሚዳሰስ፣ የሚጎተትና የሚጮኽ የእንስሳት መጽሐፍ ነበረ። ሠራዊቱም ይህ ነው፤ ምላሷ ከለስላሳ ጨርቅ የተሰፋ ላም፤ ፀጉሩ እውነተኛ ሱፍ የነበረ፣ በልዕልቲቱ መላስ ብዛት ግን መላጣ የቀረ በግ፤ ሆዱን ሲጫኑት የሚጮኽ፣ ባትሪው ስለ ደከመ ግን ምሥጢር እንደሚነግር ሰው የሚያንሾካሹክ ውሻ፤ አንድ ክንፏ ተበልቶ በማግስቱ በዳይፐር ውስጥ የተገኘ ዳክዬ፤ በመጨረሻው ገጽም የምትከፈትና የምትዘጋ ቀይ የካርቶን በር፣ ከበሯም ኋላ እመቤት አሳማ። ልዕልቲቱ ይህችን በር በቀን አርባ ጊዜ ትከፍታለች፤ ሌላውን ሠራዊት ከቁም ነገር አትቆጥረውም።

ነገር ግን መጽሐፉን ያመጡት የሲግነ እናት ወይዘሮ ጉንቮር ነበሩ፤ እሳቸውም ከባሕሩ ማዶ፣ የስዊድን የማልሞ ሰው ናቸው። ስለዚህ ከአሳማዋ አፍ አጠገብ በስዊድን ቋንቋ «ኖፍ» ተብሎ ተጽፏል፤ በዴንማርክ ግን ከአባት ከአያት ጀምሮ አሳማ «ኦፍ» እንጂ «ኖፍ» ብሎ አያውቅም። ወይዘሮ ጉንቮር ሐሙስ ሐሙስ በድልድዩ ባቡር እየተሻገሩ መጥተው በሯን ከፍተው «ኖፍ» ይላሉ፤ ትሮልስ ደግሞ ዓርብ ጠዋት ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው «ኦፍ» እያሉ የሐሙሱን ሲያጠፉ ይውላሉ። ልጄ ዝም ያለችው በአንዲት ፊደል ምክንያት ግራ ተጋብታ ነው ብለውም ቆረጡ። ልባቸው የእውነተኛ አባት ልብ ነበርና የራሳቸው ጥፋት ይሆናል ብለው ለአፍታም አልጠረጠሩም።

በዚያች ሐሙስ ልዕልቲቱ እንደ አገሩ ልማድ በብርዱ፣ ግቢ ውስጥ፣ በጋሪዋ ተኝታ ሳለች፣ ትሮልስ ሙጫውን፣ መቀሱን፣ ማስመሪያውንና ስቴኪኒውን በጠረጴዛ ላይ አሰለፉ፤ በቁራጭ ወረቀትም «ኦፍ» ብለው ጻፉ፤ ጠመመብኝ ብለው አራት ጊዜ ደግመው ጻፉ፤ በስዊድኑም ቃል ላይ ሊለጥፉት ሙጫውን ጨመቁ። ሙጫው ግን እምቢ ብሎ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በአንድ ጊዜ ግልብጥ አለ። በዚያው ቅጽበት ከሲግነ ዘንድ በስልክ እንዲህ የሚል አዋጅ ደረሰ፦

«ትሮልስዬ፣ እማዬ ባቡር ላይ ናት፣ ስምንት ሰዓት ትደርሳለች። በናትህ ዛሬ እንኳ በአሳማ እንዳትጣሉ! ዳይፐርም አልቋል።»

ወዲያውም የሕፃኗን ድምፅ ከግቢ የምታቀብለው መሣሪያ ጮኸች። ትሮልስም ቀዪቱን በር ዘግተው፣ መጽሐፉን ከድነው፣ በደንብ ይጣበቅ ብለው የብረት ድስት ጭነውበት፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። ልዕልቲቱን ታቅፈው ሲመለሱ ወይዘሮ ጉንቮር በር ላይ ቆመው ነበር።

ወይዘሮ ጉንቮር ገብተው ድስቱን አንሥተው መጽሐፉን ምንጣፍ ላይ ቢያወርዱት፣ ልዕልቲቱ ወደ መጽሐፏ ዳኸች፤ ቀዪቱንም በር በጥፍሯ ሳበች፤ በሯ አልተከፈተችም። ደግማ ሳበች። በመዳፏ መታቻት፤ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ጎረቤት እስኪሰማ አለቀሰች። ወይዘሮ ጉንቮርም መነጽራቸውን አድርገው በሯን መርምረው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«አንተ ትሮልስ፣ ይቺ አሳማ ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?»

ትሮልስም ፊታቸው ፍም መስሎ፦

«ማንም እንዳይነካው! እኔ አለሁ!»

ብለው የቅቤ ቢላዋ መዘዙ። ከጥቁር ዳቦው ላይ የጉበት ቅባት ሲቀባበት የነበረውን ቢላዋ ሳይጠርጉ ከበሯ ጠርዝ አስገቡ፤ ቢላዋው ሲነቀንቅ፣ ሙጫው ሲይዝ፣ ላባቸው ሲንጠባጠብ፣ በሯ ቀጭ ብላ ከነማጠፊያዋ ተነቀለች። የአሳማዋም ፊት ከእሷ ጋር ተነሣ። በገጹ ላይ ነጭ የተላጠ ካርቶን፣ ከሥሩም አራት እግርና አንድ ጅራት ብቻ ቀሩ። ልዕልቲቱ ማልቀሷን ትታ አባቷን አየች፤ ይህ ከልቅሶው ይልቅ ከበዳቸው።

በዚህን ጊዜ ትሮልስ የሚያደርጉት ቢጠፋቸው በሁለት እጅና በሁለት ጉልበታቸው ወርደው፣ የተገነጠለችውን ቀይ በር በገዛ ፊታቸው ላይ ጋረዱ። ቆዩ። ከዚያም በሯን ገለጡ። ፊታቸው ቀልቶ፣ አፍንጫቸው ሙጫ ነክቶ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ነበር፤ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ያሉትንም ድምፅ በዚያች ሰዓት ረስተውት ነበር። ልዕልቲቱም ጣቷን ወደ ፊታቸው ቀስራ ያንን የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች።

«ኖፍ አለች! በጆሮዬ ሰማሁ!» የሚል አዋጅ ከማልሞ ወገን ተነገረ።

«ኦፍ ነው ያለችው! ጆሮዎን ይታዩ!» የሚል አዋጅ ከቫልቢ ወገን ተመለሰ።

ጸሐፊው ግን እውነቱን ይመሰክራል፤ ዘመኑ ዘመነ ንፍጥ፣ የልዕልቲቱም አፍንጫ ድፍን ያለ ነበርና፣ ያች ፊደል ትኑር አትኑር በሰው ጆሮ የሚለይ አልነበረም፤ ከነበረችም አፍንጫ ውስጥ ቀርታለች። ሲግነ ከሥራ ገብታ፣ የሁለቱንም ክስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሰምታ፣ እንዲህ ስትል ፈረደች፦

«በቃ፣ ሁለታችሁም ዝም በሉ። ቃሉን እንደሆነ ያለችው ለአሳማዋ አይደለም። የጠራችው አንተን ነው።»

ትሮልስም ዓይናቸውን ሙጫ በነካው እጃቸው ጠረጉ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እናቶችና አባቶች በሕፃናት ማዋያው መተላለፊያ እርጥብ ቱታ እየለቀሙ በተሰበሰቡበት፣ ልዕልት ቲልደ ከወለሉ ማዶ አባቷን አይታ፣ እየዳኸች፣ በሕዝብ ፊት «ኦፍ!» ብላ ተጣራች። ሰው ሁሉ ዞረ። በአረንጓዴ መብራት ብቻ የሚሻገሩት፣ በሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ትሮልስም ደረታቸውን ነፍተው «አቤት!» አሉ።

እነሆ፣ ያለ ፈረስ የፈረስ ስም ያገኙ፣ በቅቤ ቢላዋ በር የሰበሩ፣ ለአሳማ ፊታቸውን የሰጡ፣ ከሣቴ ቀይ በር፣ ዓቃቤ ዳይፐር፣ ትሮልስ አባ ኦፍ።