በምርጫዬ የወደቅሁበት ፈተና

ሰውን ማጥፋት ከፈለጋችሁ አትከልክሉት፤ ምረጥ በሉት። የተከለከለ ሰው ቢያንስ የሚያማው አያጣም። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ያሉት አባቶች የመንግሥት ፈተና ሳይቀመጡ አልቀሩም።

በንጉሡ ዘመን፣ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት የሹመት ቦታ ሰው በፈተና እንደሚወስድ ሰማሁ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ሒሳብ ግዴታ ናቸው፤ አራተኛውን ተፈታኙ ይመርጣል፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ግዕዝ ወይም የመሬት ሥሪት። ማመልከቻውን ይዤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ አባቴ ቤት ከረምሁ። ጉሙ ገብሱን ውጦ፣ አጥሩን ውጦ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ በጉሙ ውስጥ ቢሮዬን አያለሁ፤ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ብድግ የሚል ዘበኛ። ታሪክን ስመርጥ ዘበኛው ይነሣል፤ ግዕዝን ስመርጥ መልሶ ይቀመጣል።

አባቴ ግማሽ ዕድሜያቸውን በርስት ሙግት የጨረሱ ሰው ነበሩ።

«ምን ያስጨንቅሃል? ሙግት ስትሰማ አይደል ያደግኸው? መሬቱን ምረጥ» አሉኝ።

መረጥሁ።

ጥያቄው «የርስትን ሥርዓት በምሳሌ አስረዳ» ይላል። በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ትውልድ ቆጥሮ ዋናው አባት ዘንድ የደረሰ ሁሉ ድርሻ እንዳለው ጻፍሁ። ምሳሌው ላይ ስደርስ ያ ጉም እፈተናው ክፍል ድረስ መጣብኝ መሰለኝ፤ የአባቴ ድምፅ እየተሰማኝ የራሴን ቤት ስምንት ትውልድ፣ ከነወንድም ከነእኅቱ፣ ቆጠርሁት። መንዞች ከሆናችሁ ይኼኔ ራሳችሁን ይዛችኋል። ላልሆናችሁት ልንገራችሁ፤ እኛ ዘንድ ትውልድ ለልጅ በጆሮው ይነገራል እንጂ ባዕድ ፊት አይቆጠርም። ሰሚው ከመካከል አንዲት አያቱን ካገኘ፣ ድርሻዬን ብሎ ይመጣላ።

ወደቅህ ተባልሁ። መሐል ሜዳ ተመልሼ አስተማሪ ሆንሁ።

በዓመቱ አንድ ባለ ኮት ሽማግሌዎች አስከትሎ ደጃችን ቆመ። ትውልዱ ከግሼ፣ ሥራው አዲስ አበባ ነው። ወረቀቴን ያረመው እሱ ኖሯል፤ ከቆጠርኋቸው እኅቶች አንዷ ደግሞ የእሱ ቅም አያት።

«እንግዲህ አባቴ፣ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው» አላቸው።

አባቴ እሱን ትተው እኔን አዩኝ። «ፊደል ያስቆጠርሁህ ለዚህ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ከወንዙ በላይ ያለውን ማሳ ለእንግዳው ሰጡት። የተማረ ሰው አለ ተብሎም ውሉን እንድጽፍ ታዘዝሁ። ጻፍሁ። እሱም አንብቦ ፈረመ።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ ግን ለምን ጣሉኝ?» አልሁት።

«ምን ላድርግ፣ የአጎቴ ልጅ» አለ ብዕሩን እየከደነ። «አንደኛ የወጣኸውስ አንተ ነበርህ። ግን ዘመዱን ሾመ ብባልስ?»

መሬት ላራሹ እስኪታወጅ ድረስ ማሳው ላይ ባቄላ ያዘራበት ነበር። መሬቱ ባቄላ ያውቃል። እሸቱ ሲደርስ ለእኔም አንድ እቅፍ ይልክልኝ ነበር፤ ዘመድ አይደለን።