ቀይ ኮከብ ያለበት ጥያቄ

ብሔርዎን በአንድ ምርጫ ብቻ እንዲናገሩ ተጠይቀው ያውቃሉ? እኔ ሰው ስጠይቅ የኖርኩ ዘጋቢ ነኝ፤ የኢንተርኔት ቅጽን ያህል ደረቅ ጠያቂ ግን አላየሁም። ካልመለሱለት አያሳልፍም፣ ቢያብራሩለትም አይሰማም።

በቀደም ጋምቤላ ከተማ አንድ ኢንተርኔት ቤት ከነርሷ ከሲስተር አሪየት ጎን ተቀምጬ ነበር። ኮንትራቷ ስላለቀ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ላለ ክሊኒክ እያመለከተች ነው። ማመልከቻው ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው «ብሔር» የሚል፣ ቀይ ኮከብ ያለበት የግዴታ ጥያቄ ላይ ቆመች። አባቷ ከወሎ የመጡ ነጋዴ፣ እናቷ አኙዋ ናቸው። የአንዳቸውን ብሔር መርጣ የሌላውን ስትጨምር የመጀመሪያው ይጠፋል።

ግራ ገብቷት ቤት ደወለች። ስልኩን ስፒከር ላይ ስላደረገችው ቤቱ ውስጥ ያለን ሁላችንም ሰማን።

«አባዬ፣ ብሔሬ ምንድን ነው?»

አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናትሽ አጠገቤ ናት፤ በኋላ ደውዪ።»

«በኋላማ ይዘጋል።»

እናቷ ስልኩን ተቀበሉ። «ዘጠኝ ወር ማን እንደተሸከመሽ ለኮምፒውተሩ ንገሪው።»

ሲስተር አሪየት ዝርዝሩን እስከ ታች ወረደችበት። መጨረሻው ላይ «መናገር አልፈልግም» የሚል ምርጫ አገኘች። እሱን ነካች፣ ማመልከቻውም ሰዓቱ ሳይሞላ ገባላት። ላለመመለስ የሚፈቅዱትን ጥያቄ ለምን ግዴታ እንደሚያደርጉት እስካሁን አልገባኝም።

ወዲያው ስልኳ ጠራ፤ እንደገና ስፒከር ላይ አደረገችው።

«ማንኛችንን መረጥሽ?» አሉ እናቷ።

ሲስተር አሪየት ስክሪኑን አየት አደረገች።

«መናገር አልፈልግም፣ እማዬ።»