የአባቴ ምሰሶና ሁለት ነጥብ አራት

እንደው ልጠይቃችሁ፤ ጥፋቱን በሌላ የማያላክክ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተማሪ በመምህሩ፣ መምህር በተማሪው፣ ሾፌር በመንገዱ ያሳብባል። እኔ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ እሱም የወሰደው የሌላ ሰው ጥፋት ነው።

ቢቸና ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ቤት ሠሪ ነበር። ክብ ቤት ሲሠራ መሀሉን ለክቶ ምሰሶ ሲያቆም ገመዱን የምይዝለት እኔ ነኝ። ያን ዓመት ሒሳብ ከብዶኝ ስለነበር "ክፍል ከደገምሽ ትምህርት በቃሽ!" ብሎ ማለ። አባቴ ደግሞ ከማለ አይመለስም።

የመጨረሻው ፈተና ላይ ጎኖቹ ሦስት፣ አራትና አምስት የሆኑ ጎነ ሦስት መጣ። ከቀጤ ማዕዘኑ ተነሥቶ ረጅሙ ጎን ላይ ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ከፍታ ስንት ነው? ይሄማ ምሰሶ ነው አልኩ! ምሰሶ የት እንደሚቆም ለእኔ ይነገረኛል? መሀል ነዋ! ከመሀል እስከ ዳር ደግሞ በየትም በኩል እኩል ስለሆነ፣ አምስቱን ለሁለት ገምሼ ሁለት ነጥብ አምስት ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ለካ ሁለት ነጥብ አራት ኖሯል። ለማለፍ የጎደለኝም የዚያች ጥያቄ ውጤት ነበር።

አባቴ ይህን ሲሰማ በቁጣ ነዶ ትምህርት ቤት ሄደ። "መምህር፣ ይህችን በምታህል ልዩነት ልጅ ይጣላል?"

መምህራችን ወጣት ነው፤ አልተከራከረም። ሦስት ቀጫጭን እንጨቶች ሦስት፣ አራትና አምስት ስንዝር አድርጎ ቆረጠና መሬት ላይ ገጠማቸው። "ጋሼ፣ እስቲ ምሰሶውን እርስዎ ያቁሙት" ብሎ ሲባጎ ሰጠው።

አባቴ ተንበረከከ። ሲባጎውን መሀል ላይ ሲያደርገው ዘመመበት፤ ሲያቀናው ወደ አጭሩ ጎን ሸሸበት። ደጋግሞ ሞከረ። እኔ ከጀርባው ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ትምህርቴ እኮ ነው!

"መሀል አይደለም" አለ በመጨረሻ፣ የጉልበቱን አቧራ እያራገፈ። "ይቺ ልጅ የምታውቀው እኔ ያቆምኩትን ነው፣ መምህር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ውጤቴ ንቅንቅ አላለም፤ ዘጠነኛን ደገምኩ። በመስከረም ግን እጄን ይዞ ያስመዘገበኝ ያው የማለው አባቴ ነው። ስለ መሐላው ትንፍሽ አላለም። እኔም አላስታወስኩትም፤ ምን ቆርጦኝ!

ዛሬ የምኖረው ሞጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ያንኑ የመሰለ ጥያቄ ይዛልኝ መጣች። "ይሄንማ ለእናትሽ ተይው" ብዬ እርሳሱን ተቀበልኳት። እጄን ምን እንደነካው እንጃ፣ ከፍታውን ወስዶ መሀል ላይ ተከለው።

"እማዬ፣ መሀል እኮ አይደለም!"

ሥዕሉን አየሁት። አባቴ ናፈቀኝ፤ እንዴት አድርጎ እንደናፈቀኝ!

"የአያትሽ ጥፋት ነው" አልኳት። "ነፍሱን ይማረው፣ እሱ ራሱ አምኗል።"