የእኩልነት ገመድ

የሰው ልጅ እኩልነትን ፍለጋ ስንት ዘመን ደሙን አፍስሷል። ኮሪያ ውስጥ፣ ፓንግዮ በተባለ ከተማ የሚገኝ አንድ ኩባንያ ግን ነገሩን ሰኞ ጠዋት በአንድ ስብሰባ፣ ያውም ከቁርስ በፊት ጨረሰው። ሰዎች የምሳቸውን ፎቶ የሚለጥፉበትን አፕ የሚሠራው ይህ የሕዝብ ባለውለታ «ከዛሬ ጀምሮ ማዕረግ የለም፤ አንቱታም ቀርቷል፤ ሁሉም የፈረንጅ ስም መርጦ በእሱ ብቻ ይጠራ» ሲል አወጀ። ወጣቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሊዮ ተባሉ። ቀድሞ ሊዮ የሚለውን መርጦ የነበረ ሠራተኛም በእኩልነት መንፈስ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ወዲያውኑ ቢል ሆነ።

በዚያ ታላቅ ቀን ከልባቸው ያዘኑት አቶ ፒዮ ጊቴክ ናቸው፤ እዚያ አገር የቤተሰብ ስም ይቀድማል። ፀጉራቸው እስኪሸብት ጠብቀው የመምሪያ ኃላፊ የሆኑት ባለፈው ሐሙስ ነበር። እናታቸውም እንደ ወጉ መንደሩ መግቢያ ላይ «የፒዮ ቤት ሁለተኛ ልጅ የመምሪያ ኃላፊ ሆነ! እንኳን ደስ አለን!» የሚል ባነር አሰቅለዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ አቶ ጊቴክ ግን ማንኪያ እንኳን አላነሱም ነበር። አሁን ስማቸው ማክስ ነው።

ደግነቱ ሰማያዊው ገመድ አልተነካም። የቋሚ ሠራተኛ ባጅ በሰማያዊ ገመድ፣ የኮንትራት ሠራተኛ ባጅ በግራጫ ይንጠለጠላል፤ ግራጫው የምግብ አዳራሹን በር አይከፍትም። ይህ ከማዕረግ ጋር ምንም አይገናኝም፣ የገመድ ጉዳይ ነው። አቶ ጊቴክ ሰማያዊ ገመዳቸውን በየጠዋቱ ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ፤ እናታቸው ከመንደር ሆነው ላይክ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ሊዮ «እኩል ሆነን ስንበላ ዓለም ይየን» አሉ። ፎቶ አንሺ መጣ። ችግሩ፣ አዳራሹ ውስጥ አንድም ግራጫ የለም።

«ማክስ፣ ባጅህን ለሚራን አውሳትና ትግባ» አሉ ሊዮ። ሚራን ቀኑን ሙሉ ከአፑ ላይ ስድብ ስትሰርዝ የምትውል የኮንትራት ሠራተኛ ናት።

«እሺ ጌታ... እሺ ሊዮ። አንተ እንዳሉት።»

ሚራን የአቶ ጊቴክ ስም ያለበትን ሰማያዊ አጠለቀችና ግራጫውን አንገታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። «አይዞህ ማክስ፣ ዘበኛው ባዶ አንገት አይወድም» ብላ ገባች። በሩ ተዘጋ። ኪምቺ የሚባለው የኮመጠጠ ጎመን ወጥ ሽታ ግን በስንጥቁ እየወጣ ያናድዳል።

«ክፈትልኝ! የመምሪያ ኃላፊ ነኝ!» አሉ አቶ ጊቴክ።

«የምን ኃላፊ?» አለ ዘበኛው። «ማዕረግ ቀርቷል አልተባለም? ሁላችንም እኩል ነን።»

«እንግዲያው አስገባኛ!»

«እኩልስ እኩል ነህ፤ ገመድህ ግን ግራጫ ነው።»

ፎቶው «እኛ ቤት ራስም ጅራትም የለም» ተብሎ ወጣ፤ ላይኩ ጎረፈ። ከምስጋናው መሐል ግን አንዲት እናት እንዲህ ጻፉ፦ «የመምሪያ ኃላፊው ልጄ የታለ? ያቺ የልጄን ስም አንገቷ ላይ ያደረግሽው ሴትዮ፣ እናትህ ደውል ብላለች በይልኝ።»

አገር ሳቀ። ሊዮ አቶ ጊቴክን አስጠሩ።

«ማክስ፣ እናትህ በማዕረግ ጠርታሃለች። ባህላችንን አቁስላለች።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አድርግልኝ በል!»

«አድርግልኝ።»

«በል አትደንግጥ። እኛ ዘንድ መሻር የሚባል ነገር የለም። ገመድ ብቻ ነው የምንቀይረው።»

ግራጫው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ሚራንም ሰማያዊውን እንድትመልስ ተደረገ፤ ለሚቀጥለው ፎቶ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

አመሻሽ ላይ እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ዛሬ ገመድህን አልለጠፍክም። ምን ሆነሃል?»

አቶ ጊቴክ አፈሩ። «እ... አሁንማ ከሁሉም ጋር እኩል አድርገውኛል፣ እማዬ።»

«ከሥራ አስኪያጁም ጋር?»

«ከእሳቸውም ጋር።»

እናት ስልኩን ሳይዘጉ ጎረቤት ተጣሩ። በሳምንቱ አሮጌው ባነር ወርዶ ሰፋ ያለ አዲስ ተሰቀለ፦ «የፒዮ ቤት ሁለተኛ ልጅ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር እኩል ሆነ! እንኳን ደስ አለን!» አቶ ጊቴክ ፎቶውን ያዩት ከምግብ አዳራሹ በር ውጭ፣ ቆመው የፈላ ውሃ የተጨመረበት ኑድል እየበሉ ነው። ምን ያድርጉ፣ ላይክ አደረጉት።